ጠዋት ሰርቨሩን የማያገኝ የቢሮ ኮምፒውተር፦ የኔትወርክ መግቢያ ቅደም ተከተልን የመፈተሻና የማስተካከያ መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ መብራት ልክ ሥራ መግቢያ ላይ ሲመጣ፣ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ስልክ ከየክፍሉ መጮህ ይጀምራል። አንዱ «ፓስወርዴን አልቀበልም አለኝ» ይላል፤ ሌላዋ «እኔስ ገብቻለሁ፣ የሒሳብ ፎልደሩ ግን የለም» ትላለች፤ ሦስተኛው «ሲስተም የለም» ብሎ ስልኩን ይዘጋዋል። ሦስቱ ቅሬታዎች ቢለያዩም አብዛኛውን ጊዜ መነሻቸው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ነገር ሳይደርስለት ቀድሞ ተነሥቷል። መብራት ከመጣ በኋላ ስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ሣጥን) መንቃት፣ ሰርቨሩ ተነሥቶ መጨረስ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻ ማግኘት፣ በዚያ አድራሻ የሰርቨሩን ስም ማወቅ፣ ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር ማስማማት አለበት፤ ተጠቃሚው የሚገባውና ድራይቮቹ (በሰርቨሩ ላይ ያሉት የጋራ ፎልደሮች) የሚገናኙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቦታውን ከሳተ፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ ምርመራው ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት። የይለፍ ቃል መቀየር፣ ከዚያም አልፎ ኮምፒውተሩን ከዶሜይን (ሰርቨሩ በአንድነት ከሚያስተዳድራቸው ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች ስብስብ) አውጥቶ መልሶ ማስገባት፣ የብዙ ባለሙያዎች የመጀመሪያ እርምጃ ሆኖ ይታያል፤ በእኔ አስተያየት ግን የመጨረሻው መሆን ይገባዋል።

መመሪያው የተጻፈው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነባቸው፣ ተጠቃሚዎቻቸውን በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ ቢሮዎች ነው። ትእዛዞቹ እዚህ እንደ አነባበባቸው የተጻፉ በመሆናቸው፣ በኮምፒውተሩ ላይ ሲጻፉ በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው።

አንደኛ፦ ተጠቃሚው በእርግጥ በሰርቨሩ በኩል ገብቷልን?

«ገብቻለሁ» ማለት ሰርቨሩ አስገባኝ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ከዚህ በፊት በዚያ ኮምፒውተር የገቡ ተጠቃሚዎችን ማረጋገጫ በራሱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ በመደበኛው አቀማመጥ የ10 ተጠቃሚዎችን ያህል ይይዛል። በዚህም ምክንያት የኔትወርኩ ገመድ ተነቅሎ እንኳ ሠራተኛው በለመደው የይለፍ ቃል ይገባል፤ ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሰነድም ይሠራል። የሚጎድለው ከሰርቨሩ የሚመጣው ብቻ ነው። ትናንት የይለፍ ቃሉ በሰርቨሩ ላይ የተቀየረለት ሠራተኛ ዛሬ አዲሱ እምቢ ብሎት አሮጌው የሚሠራለት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ በዚያች ሰዓት ሰርቨሩን አላየውም ማለት ነው። እዚህ ላይ የይለፍ ቃሉን ለሁለተኛ ጊዜ መቀየር ግራ መጋባቱን ከማባዛት በቀር የሚፈይደው የለም።

ለማረጋገጥ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ የትእዛዝ መስኮቱን በእርሱ ስም ከፍቶ «ኬሊስት» (klist) ብሎ መጻፍ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ በ«ኬአርቢቲጂቲ» የሚጀምር መስመር ካለ፣ ሰርቨሩ ለዚህ ተጠቃሚ የመግቢያ ትኬት ሰጥቶታል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሰውየው የገባው በተቀመጠው ማረጋገጫ ነው፤ ምርመራውም ከሥር ይጀመር።

ከዚያ ኢቨንት ቪውወርን (የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ማሳያ) ከፍቶ «ሲስተም» የሚለውን መዝገብ መመልከት ያስፈልጋል። ኔትሎጎን (የዊንዶውስ የመግቢያ አገልግሎት) የሚመዘግበው ቁጥር 5719 ኮምፒውተሩ ከዶሜይን ኮንትሮለር (ዶሜይኑን ከሚያስተዳድረው ሰርቨር) ጋር ደኅንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መመሥረት እንዳልቻለ ይናገራል፤ ግሩፕ ፖሊሲ (ከሰርቨሩ ለኮምፒውተሮች የሚተላለፈው የአቀማመጥ ትእዛዝ) የሚመዘግበው ቁጥር 1129 ደግሞ ፖሊሲው በኔትወርክ እጦት ምክንያት እንዳልተነበበ ይገልጻል። ከቁጥሩ ይልቅ ሰዓቱን ማየት ይበልጣል። 5719 ኮምፒውተሩ በተነሣበት ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ከቀረ ችግሩ የቅደም ተከተል ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚደጋገም ከሆነ ግን ወደ አድራሻው፣ ወደ ዲኤንኤሱ (ስምን ወደ አድራሻ ወደሚተረጉመው አገልግሎት) እና ወደ ሰዓቱ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፦ መብራት፣ ስዊችና ሰርቨር

ኤስኤስዲ የተገጠመለት ኮምፒውተር የመግቢያ ገጹን የሚያሳየው ስዊቹ ገና ራሱን እየፈተሸ ሳለ ነው። በተለይ ማኔጅድ የሚባሉት ስዊቾች ለመነሣት ደቂቃዎች ይፈጅባቸዋል። ከተነሡም በኋላ፣ ስፓኒንግ ትሪ (በኬብል ዙር ኔትወርኩ እንዳይታነቅ የሚጠብቀው ሥርዓት) በአሮጌው ደንቡ የሚሠራ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ኬብሉ ሲሰካ 15 ሰከንድ አዳምጦ፣ ሌላ 15 ሰከንድ ተምሮ ነው መረጃ የሚያሳልፈው። በእነዚያ 30 ሰከንዶች ውስጥ የስዊቹ መብራት ቢበራም መንገዱ ዝግ ነው፤ ችኩሉ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ጽፎ የሚጨርሰውም በዚሁ መካከል ነው።

መፍትሔው የሠራተኛ ኮምፒውተር በሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ላይ «ፖርትፋስት» ወይም በሌሎች ስዊቾች «ኤጅ ፖርት» የሚባለውን ማብራት ነው። ስዊችን ከስዊች በሚያገናኘው ቀዳዳ ላይ ግን ይህ ፈጽሞ አይደረግም፤ ሁለት ኬብል በስሕተት በዙር ቢሰካ ኔትወርኩን በሙሉ ያንበረክከዋል።

ቢሮው ያለው ዩፒኤስ አንድ ብቻ ከሆነ ድርሻው የሰርቨሩ፣ የስዊቹና የራውተሩ ነው። የኃላፊው ስክሪን ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ስዊቹ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለበት ቢሮ ጥቂት አይደለም፤ ይህን ለማስተካከል ባለሙያው አለቃውን በትሕትና ማስረዳት ይኖርበታል። መብራት ሲመለስ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ስዊችና ራውተር፣ ቀጥሎ ሰርቨር፣ ሰርቨሩ የመግቢያ ገጹን ካሳየና ጥቂት ደቂቃ ከታገሡ በኋላ የሠራተኞች ኮምፒውተር ይሁን። አንዳንድ ኮምፒውተሮች በባዮሳቸው ላይ መብራት ሲመለስ በራሳቸው እንዲነሡ የተደረጉ ናቸው፤ ይህ አቀማመጥ ለሰርቨሩ ይጠቅማል፣ ለሠራተኛ ኮምፒውተር ግን ቢጠፋ ይመረጣል።

ሦስተኛ፦ አድራሻና ዲኤንኤስ

በትእዛዝ መስኮቱ «አይፒኮንፊግ» ብሎ፣ ከዚያ የተጋደመ ሰረዝ (/) እና «ኦል» አስከትሎ መጻፍ ነው። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አላገኘም፤ ራሱ ለራሱ ጊዜያዊ አድራሻ ሰጥቷል። አዳዩ ራሱ ሰርቨሩ ከሆነና ሰርቨሩ ገና በመነሣት ላይ ከነበረ፣ «አይፒኮንፊግ»፣ የተጋደመ ሰረዝ፣ «ሪኒው» ማለት ወይም ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ይበቃል።

አድራሻው ደኅና ከመሰለ ዓይን ወደ ዲኤንኤሱ መስመር ይውረድ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚህ ነው። የዶሜይን አባል የሆነ ኮምፒውተር ዲኤንኤሱ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ብቻ መሆን አለበት። ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ በሚል ቅን አሳብ ሁለተኛው ቦታ ላይ 8.8.8.8 የሚሞሉ አሉ። አሳባቸው «የመጀመሪያው ካላወቀ ሁለተኛው ይጠየቃል» የሚል ነው፤ አሠራሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሁለተኛው የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጭራሽ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ጠዋት ሰርቨሩ እየተነሣ ሳለ የተነሣ ኮምፒውተር ከመጀመሪያው መልስ ያጣና ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ ያም ስለ ቢሮው የውስጥ ዶሜይን የሚያውቀው ነገር ስለሌለ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ በእርግጠኝነት ይመልሳል። ኮምፒውተሩም መልስ አገኘሁ ብሎ ያምናል፣ ለጥቂት ጊዜም ከዚያው ጋር ይቆያል። ኢንተርኔቱ ሲሠራ፣ ዌብሳይቱ ሲከፈት፣ የሒሳብ ፎልደሩ ብቻ «የለም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የውጭ ዲኤንኤስ የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው በሰርቨሩ ዲኤንኤስ ውስጥ «ፎርዋርደርስ» የሚለው ነው እንጂ የሠራተኛው ኮምፒውተር አይደለም።

ማንም ሳይነካው ዲኤንኤሱ ተቀይሮ ከተገኘ በቢሮው ውስጥ ሌላ አዳይ አለ ማለት ነው። ዋይፋይ ለማግኘት ብሎ አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣውን ራውተር ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካዋል፤ ራውተሩም ከሰርቨሩ ቀድሞ ስለሚነሣ ጠዋት ለመጣው ሁሉ የራሱን አድራሻና ዲኤንኤስ ያድላል። በአይፒኮንፊጉ ላይ «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» ከሚለው ጎን የሰፈረው አድራሻ የቢሮው ካልሆነ ያን ባዕድ ራውተር መፈለግ ነው። ሲገኝ የዲኤችሲፒ ሥራውን ማጥፋትና ኬብሉን ከላን ቀዳዳው ላይ መሰካት ይበቃል፤ መውረስ አያስፈልግም።

ኬብልም ዋይፋይም በአንድ ጊዜ የተያያዘለት ላፕቶፕ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚወስነው ሜትሪክ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ያነሰው ይቀድማል። ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ ኬብሉን ያስቀድማል። ካላስቀደመ በኬብሉ አይፒቪ4 አቀማመጥ ውስጥ «አድቫንስድ» ገብቶ አውቶማቲክ ሜትሪክን አጥፍቶ ከዋይፋዩ ያነሰ ቁጥር መስጠት ነው።

አራተኛ፦ ሰዓት

ተጠቃሚውን የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ የሚባለው ሥርዓት፣ በመደበኛው አቀማመጥ በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት አይቀበልም። የኛ አገር ልዩ ችግር እዚህ ላይ ነው። «ሰዓቱ ተሳስቷል» ብሎ ኮምፒውተሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሠራተኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ዓመተ ምሕረቱንም በኛ ከሞላው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይርቃል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የስሕተት መልእክት ስለ ሰዓት ላይናገር ስለሚችል ባለሙያው ሌላ ቦታ ሲቆፍር ይውላል።

ከዚህ የረቀቀ አንድ ስሕተትም አለ። ሰርቨሩና ኮምፒውተሩ የሚያነጻጽሩት በስክሪኑ ጥግ የሚታየውን ሰዓት ሳይሆን ከሰዓት ክልሉ ተሰልቶ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ አሜሪካ ላይ እንዳለ ቀርቶ ሰዓቱ በእጅ ከግድግዳው ጋር እንዲመሳሰል ከተደረገ፣ ለዓይን ትክክል ሆኖ ለሰርቨሩ ግን ብዙ ሰዓት የተዛባ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ክልሉን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ነው። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የኛ ክልል «ዩቲሲ+03:00 ናይሮቢ» በሚለው ስም ነው የሚገኘው። ከዚያ በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት «ዳብሊው32ቲኤም»፣ የተጋደመ ሰረዝ፣ «ሪሲንክ» ቢባል ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከሰርቨሩ ይወስዳል። የዶሜይን ኮምፒውተሮች ሁሉ በመጨረሻ የሚከተሉት የፒዲሲ ኢሙሌተርን ሚና የያዘውን ሰርቨር ስለሆነ፣ የእርሱ ሰዓት ትክክል መሆኑን ማየት አይዘንጋ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ቀን የሚመለስ ኮምፒውተር በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባትሪ አልቋል። በአብዛኛው ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው፤ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይገኛል።

ሠራተኞች የሀበሻ ሰዓት ማየት ከፈለጉ ደግሞ መከልከል አያስፈልግም። በቀንና ሰዓት አቀማመጥ ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት ማሳየት ይቻላል፤ ለተጨማሪው ሰዓት «ዩቲሲ-03:00» ከሚሉት መካከል የቦነስ አይረስን መርጦ «የሀበሻ ሰዓት» ብሎ መሰየም ነው። ከኛ ክልል ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ በባለ 12 ሰዓቱ አቆጣጠር «ኤኤም» የሚለው ቀኑን፣ «ፒኤም» የሚለው ሌሊቱን ሆኖ ይነበባል። ዋናው ሰዓት ሳይነካ ሠራተኛው የሚፈልገውን ያገኛል።

አምስተኛ፦ ዊንዶውስ ኔትወርኩን እንዲጠብቅ ማድረግ

እስከዚህ ያለው ሁሉ ደኅና ሆኖ ድራይቮቹ በመጀመሪያው መግቢያ የማይታዩ፣ ወጥቶ ሲገባ ግን የሚታዩ ከሆነ፣ ምክንያቱ ዊንዶውስ ለፍጥነት ሲል ኔትወርኩን ሳይጠብቅ ተጠቃሚውን ማስገባቱ ነው። ፖሊሲው ከኋላ ቀስ ብሎ ይነበባል፤ ድራይቭ ማገናኘት ግን በመግቢያው ጊዜ መሠራት ስላለበት ለሚቀጥለው መግቢያ ይተላለፋል።

በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ «ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን»፣ «አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሎጎን» እያሉ በመግባት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣና ተጠቃሚው ሲገባ ሁልጊዜ ኔትወርኩን እንዲጠብቅ የሚያዝዘውን መስመር ማብራት ነው። በዚያው «ሲስተም» ሥር፣ «ግሩፕ ፖሊሲ» በሚለው ክፍል፣ በሚነሣበት ጊዜ ስንት ሰከንድ እንደሚታገሥ የሚወስን ሌላ መስመር አለ፤ መደበኛው 30 ሰከንድ ነው፣ ስዊቹ ለሚዘገይበት ቢሮ ወደ 60 ከፍ ማድረግ ይቻላል። መግቢያው ትንሽ ይዘገያል፤ ሠራተኞች ቢያጉረመርሙም የሚያዋጣው ይህ ነው። ወደ መስክ ይዘዋቸው ለሚወጡ ላፕቶፖች ግን አልመክረውም።

ከዚህ ጋር «ፋስት ስታርታፕ»ን ማጥፋት ይገባል። ይህ ሲበራ «ሻት ዳውን» የተደረገ ኮምፒውተር የሥርዓቱን ከርነል (እምብርት) በዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ ጠዋት ሲበራ እንደ አዲስ ስለማይነሣ በመነሻ ጊዜ መሠራት ያለባቸው ፖሊሲዎች ሊዘለሉ ይችላሉ። «አጥፍቼ አበራሁት፣ አልተስተካከለም» ያለው ሠራተኛ አልዋሸም፤ ሪስታርት ቢያደርገው ኖሮ ይስተካከል ነበር። የሚጠፋው በኮንትሮል ፓነል የኃይል አማራጮች ውስጥ፣ የማብሪያው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ በሚወሰንበት ገጽ ነው።

ስድስተኛ፦ የኔትወርክ አቅራቢዎች ተራ

አንድ ፎልደር በኔትወርክ ሲጠራ ዊንዶውስ ጥያቄውን ለተመዘገቡት «ፕሮቫይደሮች» በተራ ያቀርባል። በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ የሚገኙት የሪሞት ዴስክቶፕ፣ የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኔትወርክና የዌብ ክላየንት ናቸው። ከቀድሞ ሰርቨር የቀረ የኖቬል ክላየንት ወይም የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም የራሱን አቅራቢ ከላይ ካስቀመጠ፣ ፎልደር በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሌለ ሰርቨር ይፈለጋል፤ መዘግየቱም ከዚያ ይመጣል። የሠራተኛው የይለፍ ቃል ትክክል ሆኖ ፎልደሩ ብቻ ሲንቀራፈፍ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ለማየት የመነሻ መስኮቱን ከፍቶ «ኤንሲፒኤ» ነጥብ «ሲፒኤል» መጻፍ፣ በሚመጣው ገጽ ላይ «አልት» ቁልፍን መጫን፣ «አድቫንስድ» ከሚለው ዝርዝር «አድቫንስድ ሴቲንግስ» መግባት፣ ከዚያ «ፕሮቫይደር ኦርደር» የሚለውን መምረጥ ነው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኔትወርክን በቀስቱ ወደ ላይ ማውጣትና ሪስታርት ማድረግ ይበቃል። ባለቤቱ የጠፋ አሮጌ አቅራቢ ከተገኘ ተራውን ከማሳነስ ይልቅ ፕሮግራሙን ራሱን ማራገፍ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ድራይቮች

ቀይ ምልክት የተለጠፈበት ድራይቭ ሁልጊዜ የሞተ አይደለም፤ አንዳንዴ ሁለቴ ሲጫን ይከፈታል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከዴስክቶፑ ላይ ቀጥታ ከፍታ መረጃው የለም ስትባል መደንገጧ አይቀርምና፣ መጀመሪያ «አብሽሪ፣ ምንም አልጠፋም» ብሎ ማረጋጋት፣ ቀጥሎ ድራይቩን በእጅ አስከፍቶ ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሣት ነው። በዚያች ሰዓት አዲስ የመረጃ ፎልደር እንዳትፈጥር ማስጠንቀቅ ግን ግድ ነው።

ስሕተቱ ቁጥር ይዞ ከመጣ ቁጥሩ ይመራል። 53 ከሆነ መንገዱ ወይም ስሙ አልተገኘም፤ ወደ ሦስተኛው ክፍል መመለስ ነው። 1311 ከሆነ የሚያረጋግጥ ሰርቨር አልተገኘም። 86 የይለፍ ቃሉ ትክክል እንዳልሆነ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ በክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ የይለፍ ቃል ስላለ ከዚያ መሰረዝ ይገባል። ይኸው የተረሳ የይለፍ ቃል በየጠዋቱ እየተሞከረ የሠራተኛውን አካውንት ሊያስቆልፈውም ይችላል። 1219 ደግሞ ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት የተለያየ ስም ለመግባት መሞከሩን ያሳያል፤ የቀደሙትን ግንኙነቶች «ኔት ዩዝ» ብሎ ዘርዝሮ ማቋረጥ ነው። ድራይቮችን በሰርቨሩ ስም እንጂ በአይፒ አድራሻው ማገናኘት አይመከርም፤ በአድራሻ ሲጠራ በመደበኛው አሠራር ኬርቤሮስ አይሠራበትም።

ስምንተኛ፦ እምነቱ የተቋረጠ ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ራሱ ከዶሜይኑ ጋር የሚተዋወቅበት የይለፍ ቃል አለው፤ በመደበኛው አቀማመጥ በየ30 ቀኑ ይቀይረዋል። ኮምፒውተሩ ከአሮጌ መጠባበቂያ ቅጂ ከተመለሰ፣ ወይም በቅጂ የተጫኑ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ስም ከያዙ፣ ሰርቨሩ አላውቅህም ይለዋል። የእምነት ግንኙነቱ መቋረጡን የሚገልጽ መልእክት በግልጽ ከወጣ፣ በኮምፒውተሩ የውስጥ አስተዳዳሪ አካውንት ገብቶ በፓወርሼል «ቴስት-ኮምፒውተር-ሴኪዩር-ቻነል» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ሪፔር» ጋር ማስኬድ ነው፤ በትእዛዙ ስም ውስጥ የመጀመሪያው ሰረዝ ብቻ ይጻፋል፣ የቀሩት ቃላት ተያይዘው ይጻፋሉ፤ ከ«ሪፔር» በፊት ግን ክፍት ቦታና ሰረዝ ይቀድማል፣ የዶሜይን አስተዳዳሪው መለያም በ«ክሬደንሻል» ይሰጣል። በውስጥ አካውንት ለመግባት ከተጠቃሚው ስም በፊት ነጥብና ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ (\) ይቀድማል። የዚህን አካውንት የይለፍ ቃል ሳያውቁ ኮምፒውተሩን ከዶሜይን ማውጣት በሩን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ መተው ነው።

ዋናው ቢሮ ደሴ ሆኖ ቅርንጫፉ ኮምቦልቻ ያለ መሥሪያ ቤት፣ ኮምቦልቻ ላይ ዶሜይን ኮንትሮለር ከሌለው፣ የቅርንጫፉ መግቢያ ሁሉ በመካከሉ ባለው መስመር ላይ ይንጠለጠላል። እዚያ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ መግባት ያለበት መስመሩ በሚሠራበት ሰዓት ነው፤ የተቀመጠ ማረጋገጫ ስለሌለው መስመሩ ሲቋረጥ በምንም መንገድ አይገባም። ኔትወርኩን እንዲጠብቅ የሚያዝዘውን ፖሊሲም ለቅርንጫፉ ለብቻው አስቦ መወሰን ይሻላል።

ማስተካከያው ካለቀ በኋላ ሥራ በማይበዛበት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰርቨሩን በሥርዓቱ ዘግቶ፣ ስዊቹን ጨምሮ ሁሉን አጥፍቶ በተራው ማብራት ነው። ከየክፍሉ አንድ ኮምፒውተር ተመርጦ በመጀመሪያው መግቢያ ድራይቮቹ መታየታቸው፣ በኬሊስት ትኬቱ መኖሩ፣ በኢቨንት ቪውወር ላይ 5719 አለመኖሩ ይረጋገጥ። ማን ምንን በስንተኛ ተራ እንደሚያበራ የሚገልጸው ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ የሰርቨሩ ካቢኔት በር ላይ ይለጠፍ፤ ባለሙያው በሌለበት ጠዋት መብራቱ ሲመጣ የሚያበራው የጥበቃ ሠራተኛው ሊሆን ይችላልና።